የሚወጠር ብሎን፣ የሚንቀሳቀስ ብረት

መኪናው ጠዋት ሲነሳ ከኮፈኑ ስር ፈጠን ፈጠን ያለ የመታ መታ ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ተነድቶ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ባለቤቶች የቫልቭ ክፍተት የተዛባ ይመስላቸዋል። ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጭሱ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይ ክዳን፣ ወጥቶ ወደ ጭስ መሰብሰቢያው ማኒፎልድ ከሚሻገርበት መገናኛ ነው። እዚያ ቀጭን ክፍተት ተፈጥሯል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ይደፍነዋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍተዋል። ይህን የተረዳ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቁልፍ አንስቶ ብሎኖቹን ማጥበቅን ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው «ይበልጥ በጠበቀ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል» ከሚለው እምነት ጋር ሲጣመር ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሞግተው ይህን እምነት ነው። የጭስ ማኒፎልድ ብሎን በደንብ ታሰረ የሚባለው በልኩ፣ ከጎረቤቶቹም ጋር እኩል ተወጥሮ፣ የያዘውን ብረት ግን በሙቀት ከመንቀሳቀስ ሳያግደው ሲቀር ነው። የእጅ ጉልበት ከእነዚህ አንዱንም አያረጋግጥም።

ብሎን ሲጠብቅ በውስጡ የሚሆነው ነገር በዓይን አይታይም። የሚሆነው መለጠጥ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የሚለጠጥ አካል ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ የሚያሳየው ኃይል በተለጠጠው ልክ እንደሚያድግ አስረድቷል፤ ብሎንም ለዚህ ሕግ የሚገዛ አጭርና ግትር ሞላ ነው። ማኒፎልዱን ከቴስታታው ጋር አጣብቆ የሚይዘው የተለጠጠው ብሎን ወደ ርዝመቱ ለመመለስ የሚስብበት ኃይል ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን እንውሰድ፤ ከጭንቅላቱ ስር እስከ ቴስታታው ጥርስ ድረስ ያለው የሚለጠጠው አካሉ 3 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በ1.6 ቶን ያህል ጭነት ሲወጠር የሚረዝመው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጋራዡ ሥራ ሁሉ የሚያተኩረው በዚህች ቅንጣት ርዝመት ላይ ነው። ብሎኑ ከዚህ ብዙ ካነሰ መገናኛው ይላላል፣ ጭስ ያፈስሳል። ብዙ ካለፈ ደግሞ ብረቱ ወደ ርዝመቱ መመለስ ያቅተዋል፤ እንዲህ ተለጥጦ የቀረ ብሎን በቁልፍ ሲነካ ጠብቆ የተቀመጠ ቢመስልም ጥንካሬው ተሟጧል፣ ቀጣዩ የሙቀት ዙር ወይም ቀጣዩ ቁልፍ ሊበጥሰው ይችላል።

ይህን መለጠጥ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በተራ ጋራዥ ውስጥ አይገኝም። ቶርክ ሬንች የሚለካው ብሎኑን ለማዞር ያስፈለገውን ኃይል እንጂ ብሎኑ ያገኘውን ውጥረት አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰበቃ አለ። ከምናወጣው የማዞር ኃይል ግማሽ ያህሉ የብሎኑ ጭንቅላት በሚቀመጥበት ገጽ ላይ በሰበቃ ያልቃል፤ 40 በመቶ የሚሆነውን ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ይበሉታል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጅ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰበቃው በትንሹ ሲለወጥ ውጥረቱ በብዙ ይለወጣል። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር ብናሰላው፣ ደረቅና ንጹሕ ጥርስ ያለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በ25 ኒውተን ሜትር ሲታሰር የሚያገኘው ውጥረት ወደ 15,600 ኒውተን ነው። ጥርሱ ዘይት ከነካው በዚያው 25 ኒውተን ሜትር ውጥረቱ ወደ 20,800 ይወጣል። ጥንካሬው 8.8 ተብሎ የተመደበ የዚህ መጠን ብሎን ቅርጹ ሳይበላሽ ሊሸከመው የሚገባው ወሰን 21,200 ኒውተን ነው፤ ዘይት የነካው ብሎን ወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ዘይቱ በግራሶ ቢተካ ወሰኑን ሊሻገር ይችላል። በተቃራኒው ዝገት የበላውና ጥቀርሻ የሞላው ጥርስ ሰበቃውን ከፍ ስለሚያደርገው ውጥረቱ ወደ 10,000 ሊወርድ ይችላል። መሣሪያው በሁሉም ላይ ያነበበው ያንኑ 25 ነው፤ አንዱ ብሎን ላልቷል፣ ሌላው ሊበጠስ ደርሷል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ለብዙዎች አሰልቺ ቢመስልም ከቁልፉ ይበልጣል፦ ማጽዳት። የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ የቴስታታውን ቀዳዳ ጥርስ ማውጫ በእጅ ቀስ አድርጎ አሳልፎ ከጥቀርሻና ከዝገት ማጥራት፣ ከዚያም እያንዳንዱ ብሎን ቁልፍ ሳያስፈልገው በጣት እየዞረ እስከ መጨረሻው መግባቱን ማየት ያስፈልጋል። በጣት የማይገባ ብሎን በቁልፍ ሲገፋ የቶርክ ሬንቹ ቁጥር ትርጉሙን ያጣል፤ መሣሪያው የሚያነበው የቆሻሻውን ተቃውሞ ነውና። በጥርሱ ላይ የሚደረገውም ነገር ከአምራቹ መመሪያ ጋር መስማማት አለበት። መመሪያው ደረቅ ጥርስን ታሳቢ አድርጎ 25 ካለ፣ ሰውዬው ደግሞ ብሎኑ ወደፊት እንዳይጣበቅበት ሲል የፀረ መጣበቅ ቅባት ከቀባው፣ ተመሳሳይ ውጥረት ለማግኘት ወደ 19 ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ቅባቱ ጥፋት አይደለም፤ በሙቀት ለሚጋገር ብሎን እንዲያውም ብልህ ጥንቃቄ ነው። ጥፋቱ ቅባቱን ቀብቶ የደረቁን ቁጥር መጠቀም ነው።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ብሎን ይሠራል። የጭስ ማኒፎልድን ለየት የሚያደርገው ሙቀት ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ጭሱ በከባድ ጭነት ጊዜ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ማኒፎልዱ ይህን ይሸከማል፤ ከእሱ ጋር የተጣበቀው ቴስታታ ግን በውሃ እየቀዘቀዘ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። መካኒኮች ጊዛ ከሚሉት ብረት የተሠራና 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማኒፎልድ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ቢጨምር 2.2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በአንድ ዲግሪ ከጊዛ በእጥፍ የሚሰፋው የአሉሚኒየም ቴስታታ ግን ሙቀቱ የሚጨምረው በ80 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የሚረዝመው 0.7 ያህል ነው። ልዩነቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲከፈል በየጫፉ 0.75 ይደርሳል። ከቴስታታው ጋር የሚነካካው ገጽ ከቧንቧው አካል ቀዝቀዝ ስለሚል በተግባር ልዩነቱ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ቢያንስም ግን የሚናቅ አይደለም። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በተለመደው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መሐል ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በብዙ ማኒፎልዶች ላይ የጫፍ ቀዳዳዎች ሰፋ ወይም ሞላላ ተደርገው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። መሐሉ ይቆማል፣ ጫፎቹ ይንሸራተታሉ። ቀዳዳው ሰፋ ብሏል ብሎ ወፍራም ብሎን የሚያስገባ ወይም በብየዳ የሚያጠብ ሰው መንሸራተቻውን ዘጋው ማለት ነው።

ብረቱ መንሸራተት ሲከለከል የሚሆነውን ለማየት የጄኔራል ሞተርስን ኤልኤስ የተባሉ ቪ8 ሞተሮች መመልከት ይበቃል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሞተር ኤልኤስ1 በ1997 በኮርቬት መኪና ላይ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመዶቹ በሲልቨራዶ ፒክአፖች ላይ ገቡ። እያንዳንዱ ማኒፎልድ በስድስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ይታሰራል። የእነዚህ ፒክአፖች ባለቤቶችና ጠጋኞች በደንብ ከሚያውቋቸው ብልሽቶች አንዱ የማኒፎልድ ብሎን መበጠስ ነው፤ የሚበጠሰውም በአብዛኛው የጫፉ፣ በተለይ የኋለኛው ብሎን ነው። የፎርድ ትራይተን ቪ8 ሞተሮችም በተመሳሳይ ችግር ይታወቃሉ። ምክንያቱ ከላይ ካለው ስሌት ይወጣል። ጊዛው ሲሞቅ ሊረዝም ይፈልጋል፣ ቦታ ካጣ በራሱ ላይ ይታመቃል፤ በከፍተኛ ሙቀት ከለሰለሰ ብረት ላይ ያ መታመቅ ቋሚ ሆኖ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ማኒፎልዱ ከመጀመሪያው ርዝመቱ አጥሮ ይገኛል። ከብዙ ሺህ ዙር በኋላ ቀዳዳዎቹ ወደ መሐል ተስበው የጫፍ ብሎኖችን በጎናቸው ይጫናሉ፤ ብሎን ደግሞ የተሠራው በቁመቱ ለመወጠር እንጂ በጎኑ ለመገፋት አይደለም። አሮጌ ማኒፎልድ ተፈትቶ ሲመለስ ቀዳዳዎቹ አልገጥም የሚሉት በዚሁ መጨማደድ ነው። ተጨማሪ ማጥበቅ ይህን አይፈታም፤ ብሎኑ በጎኑ ለመጣው ጭነት የተረፈውን አቅም በቁመቱ ይበላበታል።

ለዚሁ ሞተር አምራቹ ያወጣው የማሰሪያ ሥርዓት በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ብሎኖች በ15 ኒውተን ሜትር፣ በሁለተኛው ዙር በ25 ይታሰራሉ፤ ሁለቱም ዙሮች ከመሐል ካሉት ሁለት ብሎኖች ተነስተው ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ወደ ጫፍ ይሄዳሉ። ያን ያህል የሚሞቅና የሚንቀጠቀጥ ብረት በ25 ብቻ! ክንዱ የጠነከረ ሰው በአጭር ቁልፍ ከዚህ በላይ ያወጣል። ዙሮቹ ሁለት የሆኑት በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ በአንድ ቦታ ተጨፍልቆ በሌላው እንዳይነሳ ነው። ከበሮ የሚወጥር ባለሙያ ጠፍሩን በአንድ ወገን እስከ መጨረሻ ስቦ ወደ ሌላው አይዞርም፤ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቀ ቆዳው በሁሉም በኩል እኩል እስኪወጠር ይመላለሳል። በማኒፎልድ ላይም አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከተጨረሰ ብረቱ ተንጋዶ ይያዛል፤ በኋላ የሚጠብቁት ብሎኖች ጉልበታቸውን ጋስኬቱን ለመጫን ሳይሆን ብረቱን ለማጉበጥ ይጨርሱታል። ከመሐል መጀመሩ ደግሞ የሚቆመውን መሐልና የሚንሸራተቱትን ጫፎች ገና ከመጀመሪያው በቦታ በቦታቸው ያደርጋል።

እዚህ ላይ ልምድ ያለው መካኒክ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ፤ በቁም ነገር ሊሰማ ይገባዋል። «እጄ ያውቀዋል፤ ስንት ሞተር በእጄ አስሬ አንድም አልፈታብኝ» ይላል። የሠለጠነ እጅ ብዙ ነገር ያውቃል፦ ጥርስ ሲበላ፣ ብሎን መለስለስ ሲጀምር፣ ቆሻሻ ሲይዘው ቀድሞ ይሰማዋል። ይህ በየትኛውም መሣሪያ አይተካም። ነገር ግን እጅም እንደ ቶርክ ሬንቹ የሚሰማው የማዞርን ተቃውሞ ነው፤ ውጥረቱን አይሰማም። በምሕንድስና መመሪያዎች በስፋት በሚጠቀሰው ግምት መሠረት በእጅ ስሜት የታሰረ ብሎን ውጥረት ከታሰበው እስከ 35 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ ይችላል። ተቃዋሚው ወዲያው «በቶርክ ሬንችስ?» ቢል፣ መልሱ 25 በመቶ ነው። መሣሪያው የማዞሪያውን ኃይል እስከ 4 በመቶ ስሕተት ድረስ በትክክል ቢለካም ሰበቃው ያን ትክክለኛነት ይበላዋል። ታዲያ በ35 እና በ25 መካከል ላለ ልዩነት ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?

ተገቢ የሚሆነው ስለ እኩልነት ስናስብ ነው። በአንድ ማኒፎልድ ላይ ያሉት ብሎኖች ከአንድ ፓኬት የወጡ፣ በአንድ ብሩሽ የጸዱ፣ በአንድ ዓይነት ቅባት የተቀቡ ወይም ሁሉም ደረቅ ከሆኑ ሰበቃቸው ይቀራረባል። የቶርክ ሬንቹ ቁጥር ከእውነተኛው ውጥረት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንኳ ሁሉም ላይ በተቀራራቢ መጠን ይሳሳታል። እጅ ግን ይህን እኩልነት መጠበቅ አይችልም፤ ፊት ለፊት ያለውን ብሎን ረጅም ቁልፍ ይዞ በሙሉ ክንድ ያጠብቃል፣ ከኋላ በጠባቡ ቦታ ያለውን ደግሞ አንጓውን አጥፎ በጣቶቹ ይገፋል። ሁለቱም ለእጁ «በቃ» ይሉታል። ለጋስኬቱ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጭስ የሚያመልጠው ከሁሉ ደካማው ብሎን ባለበት በኩል ነውና። ስለዚህ ለልምድ የሚገባውን ክብር ሳንነፍግ መሣሪያውን መያዝ እንችላለን፤ እጅ ጥርሱን ይመርምር፣ መሣሪያው ያስተካክል።

ሌላው ተቃውሞ ንዝረትን የሚመለከት ነው፦ «ላላ ተብሎ ከታሰረ ይፈታል።» ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 ባቀረበው ጥናት ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚፈታው የታሰሩት አካላት እርስ በርስ ወደ ጎን መንሸራተታቸው እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ለተቃዋሚው የሚያግዝ ይመስላል፤ የጭስ ማኒፎልድ በተፈጥሮው ወደ ጎን የሚንሸራተት ነውና ብሎኑ የሚፈታበት ምክንያት ከሌላው ይበዛል። ነገር ግን ከልክ በላይ ማጥበቅ በሙቀት የሚመጣውን እንቅስቃሴ አያስቆመውም፣ ወደ ብሎኑ አንገት ያዛውረዋል እንጂ። የተሻለው መፍትሔ የብሎኑን ርዝመት መጨመር ነው። ጋስኬቱ በሙቀት ተጨፍልቆ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሳሳ፣ 0.04 የተለጠጠ አጭር ብሎን የውጥረቱን ግማሽ ያጣል፤ ከስሩ ወፍራም ቀለበት ገብቶለት በእጥፍ የረዘመና 0.08 የተለጠጠ ብሎን የሚያጣው ሩቡን ብቻ ነው። ረጅም ብሎን በጎኑ ሲገፋም መጠነኛ መታጠፍን ይችላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከብሎኑ ጭንቅላት ስር ረጃጅም ቀለበቶች የሚታዩት ለዚህ ነው፤ ሲፈታ «ትርፍ ነው» ተብለው መጣል የለባቸውም። እንዳይፈታ ተብሎ በልማድ የሚጨመረው ሁሉ ግን አይጠቅምም። ባለ ናይለን ዳዶ በዚህ ሙቀት ናይለኑ ይቀልጥበታል። ባለ ሞላ ሮንዴላ በሙቀት ይሞትና ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ይቀራል። የጥርስ ማጣበቂያ ፈሳሽ ተራው ዓይነት ከ150 ዲግሪ በላይ ይዳከማል፤ ሆኖም የብሎኑ ጥርስ የሚቀመጠው በውሃ በሚቀዘቅዘው ቴስታታ ውስጥ ስለሆነ በዚያ በኩል ሊሠራ ይችላል፣ ለኤልኤስ ሞተሮችም መመሪያው ራሱ ያዝዘዋል። ከውጭ በኩል በስታድ (ጭንቅላት በሌለው ባለ ጥርስ ዘንግ) ላይ ለሚገባ ዳዶ ግን የሚሻለው ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራና ጥርሱን የሚነክስ ዳዶ ነው።

ከጊዛው ይልቅ ሄደር የሚባለውን፣ ከቀጭን የብረት ቧንቧ የተበየደውን የሚያስገቡ ሰዎች ሌላ ፈተና አለባቸው። ቧንቧዎቹ ብሎኖቹን ስለሚጋርዱ ቶርክ ሬንች በቀጥታ አይገባም፤ ብዙዎች በዚህ ሰበብ መለካቱን ይተዉታል። መውጫው ቀላል ነው። እንደ ቁራ እግር የተቀረጸች አጭር አፍ ቶርክ ሬንቹ ላይ ትሰካለች፤ ከመሣሪያው ክንድ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን እስከ ሠራች ድረስ የሚነበበው ቁጥር አይዛባም። በክንዱ መስመር ላይ ቀጥ ብላ ከወጣች ግን ክንዱን ስለምታረዝመው ብሎኑ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከተነበበው ይበልጣል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሄደር ከጊዛ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚሰፋም አንዳንድ ሠሪዎች ቴስታታው ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ጠርዝ በየጭስ መውጫ ወደቡ መካከል በመጋዝ ቆርጠው ይለያዩታል፤ እያንዳንዱ ወደብ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ።

አዲስ የገባ ጋስኬት፣ በተለይ ከተጨመቀ ክር የተሠራው ዓይነት፣ በመጀመሪያዎቹ የሙቀት ዙሮች ይሳሳል። ስለዚህ ለሄደርና ለእንዲህ ዓይነቱ ጋስኬት ሞተሩ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቆ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ብሎኖቹ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ቁጥር እንደገና ይታያሉ። በትኩስ ሞተር ላይ መደገም የለበትም። ሲሞቅ ሁሉም ነገር በተለያየ መጠን ስለሚሰፋ ቁጥሩ ከመመሪያው ጋር አይገናኝም፤ የአሉሚኒየም ጥርስም በትኩሱ ይበልጥ ለስላሳ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ የድምፅ ችግር ይበዛል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከመገናኛው የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ ይዟል፤ ይህ ጋዝ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥብቀት ይጣበቃል። ጭሱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያለው ከሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ፊት ለፊት ስለሆነ ጋዙ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ቀዳዳው ሞተሩንም ያሳስታል። በጭስ ምቶች መካከል በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ለቅጽበት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ ቀዳዳው በዚያች ቅጽበት አየር ይስባል። የኦክሲጅን ሴንሰሩ ይህን አየር አይቶ «ነዳጅ አነሰ» ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል። ባለቤቱ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ሴንሰር ይለውጣል፣ መርጫ ያሳጥባል፤ ጥፋቱ ግን ከአንድ የጫፍ ብሎን ላይ ነው።

ማኒፎልዱ ሲፈታ ጋስኬቱ ራሱ ማስረጃ ይዟል። ጭስ ያመለጠበት ወገን ከወደቡ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ጥቁር የጥቀርሻ ጅራት ይኖረዋል፤ ሌላው ንጹሕ ነው። ብሎኖቹ ጸድተው፣ በሥርዓቱ ታስረው፣ በቀዝቃዛው ተደግመው ጥቀርሻው በዚያው ቦታ ከተመለሰ ጥፋቱን ከብሎኑ ላይ መፈለግ ማቆም ይገባል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በማኒፎልዱ ገጽ ላይ ጋድሞ ከስሩ ቀጫጭን መለኪያ ምላሶችን ማስገባት ነው፤ ምላሱ አምራቹ ከፈቀደው ልክ በላይ ከገባ ገጹ ተንጋዷል፣ ወደ ማሽን ቤት ሄዶ መላግ ወይም መለወጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ብሎኖቹን ይበልጥ ማጥበቅ የተንጋደደውን ብረት በጉልበት ለማቅናት መሞከር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ደግሞ ተበጥሶ በቴስታታው ውስጥ የቀረ ብሎን ላይ ዳዶ በየዶ ማውጣት ነው፤ ከመላጊያው ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያስከፍል፣ ሳይሳካ ሲቀርም ቴስታታውን የሚያስወርድ።